ቲቸር፣ ማን ጋ ነው የሚጠየቀው?

ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምራለሁ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ውስጥ ቆማ የጠየቀችኝ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ጠዋት ከአጂፕ ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ሥራ ስሄድ ይመጣብኛል። ማታ ደብተር ሳርምም ይመጣብኛል። ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ግን ቢሮው ውስጥ ከነበርነው ሰዎች አንዳችንም ጋ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው የ12ኛ ክፍል የፈተና ምዝገባ ሰሞን ነው። ምዝገባው በኦንላይን ስለሆነ የተማሪዎቹ መረጃ ከትምህርት ቤቱ ቢሮ መላክ አለበት። በዚያው ሰሞን መስመሩ ሞተ። ጸሐፊዋ ገጹን ትከፍታለች፣ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይቋረጣል። እኔን ጠሩኝ። ዋይፋዩን የሚያድለውን ራውተር ከፍቼ የተገናኙትን ስልኮች ሳይ ዝርዝሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ አያልቅም። ለጥቂት ሠራተኞች የተሰጠ ፓስወርድ ግቢውን አዳርሶታል። ደግሞ ዛሬ ፓስወርዱን ማወቅም አያስፈልግም። የተገናኘ ስልክ ኪውአር ኮድ ያወጣል፣ ጓደኛው በካሜራው ያነሳዋል፣ በቃ።

ዩኒት ሊደሩ ወጥተው ግቢውን ዞሩ። ከቢሮው ጀርባ፣ ዝናብ ከማያገኘው ግድግዳ ሥር፣ አንዲት ልጅ ስልክ ይዛ ተቀምጣ አገኙ። እኛ ጋ ስልክ ወደ ግቢ ማስገባት ክልክል ነው። ይዘዋት መጡ።

ዩኒት ሊደሩ ቢሮ

ርእሰ መምህራችንም ገቡ። ዩኒት ሊደሩ ጥፋቷን መዘርዘር ጀመሩ። ስልክ ማስገባት አንድ፣ ያልተፈቀደ ዋይፋይ መጠቀም ሁለት። "ወላጅ አምጪ" ሊሏት ሲሉ ወደ እኔ ዞር ብለው "እስቲ ምን ስታይ እንደነበር እዩልኝ" አሉ። ልጅቷ ራሷ ከፈተችልኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁላችንም ቲክቶክ የጠበቅን ይመስለኛል። በመውረድ ላይ የነበረው ግን የባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ግማሽ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ኬሚስትሪ፣ የድሮ የመልቀቂያ ፈተናዎች፣ ስለ ሴል ክፍፍል የሚያስረዳ አንድ ቪዲዮ። የስልኩ መስታወት ከጥጉ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ስልኩ የወንድሟ እንደሆነ ኋላ ነው የነገረችኝ። እሱ ማታ ማታ ባጃጅ ስለሚነዳ ቀን ሲተኛ ትዋሰዋለች። የባዮሎጂ መጽሐፍ ደግሞ ክፍላቸው ውስጥ የደረሰው ለሦስት ለአራት ተማሪ አንድ ነው። ተራዋ የሚደርሰው ከስንት ቀን አንዴ ነው።

ርእሰ መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም?" አሏት።

እሷ ወደ እኔ ዞረች። "ቲቸር፣ ማን ጋ ነው የሚጠየቀው?"

ድፍረት አልነበረም። የምሯን ነው የጠየቀችው። ቢነገራት ሄዳ ልትጠይቅ። ርእሰ መምህሩ እኔን አዩኝ። እኔ እሳቸውን አየሁ። ዩኒት ሊደሩ ወደ መስኮቱ ተመለከቱ።

እስቲ አስቡት። ትምህርት ቤት ውስጥ ለሁሉም ነገር የሚጠየቅበት ሰው አለ። ለመውጣት ፈቃድ ዩኒት ሊደሩ አሉ። ለትራንስክሪፕት ሪከርድ ኦፊስ አለ። መጽሐፍ ለመዋስ ላይብረሪ፣ ኳስ ለመውሰድ የስፖርት መምህሩ። ኢንተርኔት ለመጠየቅ ግን ማንም የለም። "ስልክ ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ግን በሩ ላይ ተለጥፏል። የሚፈቀደው መቼ ነው፣ ለምን ሥራ ነው፣ በማን በኩል ነው የሚል ወረቀት የትም የለም። በር የሌለው ቤት ሠርተን "በመስኮት ለምን ገባሽ?" ብለን ነው የምንጠይቃት።

ደግሞ እኛው ነን "ከጉግል ፈልጋችሁ አምጡ" እያልን አሳይመንት የምንሰጠው። ተማሪው ይህን ሰምቶ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወይ ካርድ ይሞላል፣ ወይ ካፌ ገብቶ ሳይፈልግ ማኪያቶ ያዛል፣ ወይ ደግሞ ግድግዳ ሥር ይቀመጣል። ገንዘብ ያለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይመርጣል። የሌለው ሦስተኛውን።

ይህን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው የፈተናውን ውጤት ያስታውስ። በ2014 የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፈተናው ራሱ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ልጆቹን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠን እየፈተንን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚለማመዱበትን ሰዓት አለመስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ክልከላውም ከመሬት አልተነሳም

የቢሮውንም ወገን መስማት ያስፈልጋል። ሒሳቡን ክፍሌ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ሠርቼ አሳይቻለሁ። አንድ ትምህርት ቤት በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት የሚሰጥ መስመር አለው እንበል። 200 ስልክ ከተገናኘበት ለአንዱ የሚደርሰው 0.05 ሜጋ ቢት ነው። በዚህ ፍጥነት 5 ሜጋ ባይት የምታክል ትንሽ ፋይል ለማውረድ 13 ደቂቃ ይፈጃል። ያውም ሁሉም እኩል ከተካፈሉ። እኩል አይካፈሉም፤ አንዱ ቪዲዮ ከከፈተ የሌላውን ይበላዋል። ያኔ ጸሐፊዋ የአንድ ተማሪ ምዝገባ መላክ አቅቷት ትውላለች። ተጎጂው እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ የ12ኛ ክፍል ልጅ ነው።

ሕግም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላን ሰው ወይም የተቋም ኮምፒውተር ሥርዓትና ኔትወርክ ውስጥ መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይደነግጣሉ። "ፓስወርድ ሰባሪ" እያሉ የሚያወርዷቸው አፖች ብዙዎቹ ምንም የሚሰብሩት ነገር የለም። የሌላ ሰው ስልክ ላይ የተቀመጠ ፓስወርድ ሰብስበው ነው የሚያድሉት። የእናንተንም ይወስዳሉ። ነፃ ቪፒኤንም እንደዚያው ነው። ስልክህ የሚልከውና የሚቀበለው ሁሉ በማታውቀው ሰው ሰርቨር በኩል ነው የሚያልፈው። ቴሌብር ባለበት ስልክ ይህን ማድረግ ጥሩ አይደለም።

ስለዚህ ለተማሪዎቹ "ስበሩት" አልልም። ለቢሮውም "ዝጉት" አልልም። በሩ ይሠራ ነው የምለው።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል

የአይሲቲ ክበብ ተማሪዎችን ሰብስቤ ያቺ ልጅ የጠየቀችውን ነገርኳቸው። ስሟን አላነሳሁም። "እስቲ እናንተ ርእሰ መምህሩን ብትሆኑ ምን ዓይነት ማመልከቻ ቢመጣላችሁ ትፈቅዳላችሁ?" አልኳቸው። መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ "ዋይፋይ ይከፈትልን" የሚል አንድ መስመር ነበር። አንዱ ልጅ ራሱ ሳቀ። "ይሄንንማ እኔም አልፈቅድም" አለ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ኢንተርኔቱ ለምን እንደሚፈለግ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ክፍል፣ ማን እንደሚቆጣጠር፣ ቢሮውን እንዳይረብሽ ምን እንደሚደረግ። ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ጻፉት። አንዷ ተማሪ "ቲክቶክ አንጠቀምም ብለን ቃል ብንገባስ?" አለች። ሌላው "ቃልማ ማን ይጠብቃል፤ ራውተሩ ላይ ይዘጋ" አለ። ልክ ነው። እኔ ለዓመታት ከሰማኋቸው የስብሰባ ንግግሮች ይህ የልጁ አስተያየት ይሻላል። ሰውን ከሰውነቱ በላይ መፈተን አያስፈልግም፤ ማሽኑ የሚሠራውን ማሽኑ ይሥራው።

ቴክኒኩ ከባድ አይደለም። ብዙ ራውተሮች አንዱን መስመር ለሁለት ኔትወርክ ይከፍሉታል፤ አንዱ የቢሮ፣ አንዱ የተማሪ። ለተማሪው ወገን የፍጥነት ጣሪያ ይደረግለታል። ስለዚህ ተማሪው ምንም ቢያደርግ የጸሐፊዋን ሥራ አይነካም። ማይክሮቲክ የመሳሰሉት ራውተሮች ደግሞ ቫውቸር ያወጣሉ። ለአንድ ተማሪ ለአንድ ሰዓት የሚሠራ ኮድ ወረቀት ላይ ታትሞ ይሰጣል። ሰዓቱ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። ኮዱን ለጓደኛ ቢያስተላልፈውም የሚበላው የራሱን ሰዓት ነው። ፓስወርድ መደበቅ ቀረ።

ርእሰ መምህሩ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ኃላፊው ማነው?" ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኳቸው፤ እኔ በሌለሁበት ላይብረሪያኗ። ለሙከራ ፈቀዱ። የኮምፒውተር ላብራቶሪው በእረፍት ሰዓትና ከመጨረሻው ፔሬድ በኋላ ይከፈታል። ስልክ የሚያስፈልገው ተማሪ በር ላይ አስመዝግቦ ይገባል፣ ሲጨርስ አስመዝግቦ ይወጣል። ሚኒ ሚዲያው ጠዋት በሰልፍ ላይ አስነገረ። አሁን ጥያቄው መልስ አለው፤ ላብ ቁጥር 1፣ እረፍት ሰዓት።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ የመጡት ልጆች ናቸው። ግድግዳ ሥር የሚቀመጡት ብቻ አልነበሩም። አንድም ቀን ዋይፋይ "ሰርቀው" የማያውቁ፣ ፈርተው የቀሩ፣ ጎበዝና ዝምተኛ ልጆች ናቸው ቀድመው የተሰለፉት። የተዘጋ በር ደፋሩን አያቆመውም፤ መስኮት ያገኛል። የሚቀረው ሕግ አክባሪው ልጅ ነው። እነዚህን ልጆች ሳይ ነው የተናደድኩት።

አንዴ አውርዶ ለሁሉም

ላቡ ከተከፈተ በኋላ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። ተማሪዎቹ የሚፈልጉት በአብዛኛው ተመሳሳይ ነገር ነው። ያው መጽሐፍ፣ ያው ወርክሺት፣ ያው ቪዲዮ። 30 ሜጋ ባይት የሚሆን አንድ መጽሐፍ 60 ተማሪ ለየብቻው ቢያወርደው 1.8 ጊጋ ባይት ይሆናል። አንድ ሰው አውርዶ ግቢው ውስጥ ቢያካፍለው ግን ያው 30 ሜጋ ባይት ነው። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ እንዳልሆኑ ብዙ ሰው ልብ አይልም። ራውተሩ ከቴሌ መስመር ባይገናኝም ግቢው ውስጥ ያሉትን ስልኮች ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ያገናኛል።

ስለዚህ ላቡ ጥግ ላይ አቧራ ጠጥቶ የነበረ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አጸዳን። ትልቅ ሀርድ ዲስክ ገባለት። ኪዊክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንንበት። ይህ ፕሮግራም ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሲሆን ዊኪፒዲያን በሞላው በአንድ ፋይል አድርጎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋ ባይት አካባቢ ነው። ቀለል ባለ እንግሊዝኛ የተጻፈው ግን ጥቂት ጊጋ ባይት ብቻ ስለሆነ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል እሱ ይበቃል፤ ቋንቋውም ይገባቸዋል። ከዚያ ኮሊብሪ የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም አለ። ካን አካዳሚ የሚባለውን የነፃ ኦንላይን ትምህርት ድርጅት ትምህርቶችና መልመጃዎች ተሸክሞ ያለ መስመር ይሠራል። መምህሩ ማን የት እንደደረሰ ያይበታል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ፌት የሚባሉትን ማሳያዎች ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የጀመራቸው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሙከራዎች ናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ሽቦና ባትሪ ታገናኛለህ፣ አምፖሉ ይበራል። አሲድ ላይ ውኃ ትጨምራለህ፣ የፒኤች ቁጥሩ ይለወጣል። ኬሚካል አልቆበት የተዘጋ ላብራቶሪ ያለበት ትምህርት ቤት ይህን ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ከሰዓት ላይ ከባድ ዝናብ መጥቶ የቴሌ መስመሩ ተቋረጠ። ልጆቹ አላወቁም። አምፖሉን እያበሩ፣ እያጠፉ፣ ለምን ሁለተኛው አምፖል እንደደበዘዘ ይከራከራሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። መብራቱ ራሱ ሲጠፋ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ለዚያ መፍትሔው ራስበሪ ፓይ የምትባለው የመታወቂያ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር ናት። በፓወር ባንክ ትሠራለች። እስካሁን የለንም፤ ግን ዝርዝራችን ላይ ከላይ ናት።

ይህ ሁሉ ሕጋዊ መሆኑን መናገር እፈልጋለሁ። ዊኪፒዲያም ሆነ የካን አካዳሚ ትምህርቶች ምንጩን ጠቅሶ ለማይነገድበት ዓላማ ማካፈልን የሚፈቅድ ፈቃድ ያላቸው ናቸው። ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ እንደሚሞላው ፊልም አይደሉም። ልጆቹ "ይፈቀዳል?" ብለው መጠየቅ ጀምረዋል። ይህን ጥያቄ መስማት ደስ ይላል።

የእኛ ትውልድ ፕላዝማን ያስታውሳል። በ1997 ዓ.ም. ግድም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ቴሌቪዥን በብዙ ቦታ ተበላሽቶ የቀረው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። የሚጠግነውና የእኔ ነው የሚለው ሰው አጥቶ ነው። ስለዚህ ሰርቨራችን የሆነውን ያን አሮጌ ዴስክቶፕ ለክበቡ ልጆች ነው ያስረከብኩት። የ12ኛ ክፍሎቹ ሳይወጡ የ10ኛ ክፍሎቹን ያሠለጥናሉ።

ከግቢው ውጭ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ተማሪ ኢንተርኔት ፍለጋ ግድግዳ ሥር መቀመጡ ያሳዝነኛል። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ሲመሠረት ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የሚታወቅበት ነው። ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የኮምፒውተር ተማሪዎች አሉ። የተግባር ሥራ ይፈልጋሉ። አንድ የትብብር ደብዳቤ፣ በማኅተም፣ ከርእሰ መምህሩ ለማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍሉ። ሰርቨር ለመትከል ሰው ላኩልን፣ ያረጀ ኮምፒውተር ካላችሁ ስጡን ማለት ነውር የለውም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለዚህ ነው።

ገንዘቡንም በተመለከተ ትምህርት ቤት የውስጥ ገቢ አለው፤ የሣር ሽያጭ፣ የሻይ ቤት ኪራይ። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ ወተመህ የምንለው፣ ከወሰነ ከዚያ ላይ ለተማሪ መስመር የሚሆን ይገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ወላጅ ለልጁ በየወሩ የሚሞላውን ካርድ አስቦ ያወዳድረው። ዩኒሴፍና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2019 (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት ጊጋ የሚባል ፕሮጀክት የዓለምን ትምህርት ቤቶች በሙሉ በ2030 ከኢንተርኔት ማገናኘት ዓላማው ነው። ይድረሰን። እስከዚያ ግን እጅ አጣጥፈን አንጠብቅም።

ቤት ላለ ተማሪ የምለው አጭር ነው። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል፤ *999# ላይ ይታያል። ትልልቁን ፋይል ያን ጊዜ አውርዱ። ዘመድ "ምን ልግዛልህ?" ሲል ጥቅል በስጦታ መላክ እንደሚቻል ንገሩት። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫም አለ፤ ሁለቱን ዋጋ አወዳድሩ። ያወረዳችሁትን ለክፍላችሁ በብሉቱዝ ስጡ።

አሁን የቀረን ነገር አለ። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ላቡ ሲከፈት ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ሲወጡ ይመሻል። ሴቶቹ አምሽተው እንዲቀሩ ወላጅ አይፈቅድም፤ ልክም ናቸው። ስልክ የሌለው ልጅ ደግሞ በላቡ ኮምፒውተሮች ይጠቀማል እንላለን እንጂ ከእነሱ የሚሠሩት ግማሾቹ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት እንዲከፈትና ለላይብረሪያኗ የትርፍ ሰዓት እንዲከፈላት ለወተመህ ጥያቄ አስገብተናል። ፊርማ ካሰባሰቡት አንዷ ያቺው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስብሰባው የሚቀጥለው ወር ነው።